ሁለተኛው ፍሬን

ባለቤቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ ከፊቱ «ጋሼ»፣ ከኋላው «ጋሽ ፍሬን» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የማስተማሪያ መኪናው የራሱ ነበረች፤ በአስተማሪው ወንበር በኩልም አንድ ትርፍ ፍሬን አላት። ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው ይረግጠዋል። እሱ ግን ከመኪናዋ ከወረደም በኋላ መርገጡን አይተውም። ታክሲ ውስጥ ይረግጣል፣ አውቶቡስ ውስጥ ይረግጣል። አንድ ቀን ድስት ይዤ ከማድ ቤት ስወጣ የልጅ ልጃችን እየሮጠ መጣብኝ፤ ባለቤቴ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ሲደቁስ አየሁት። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም። እኔ ስነዳማ አይታሰብም። ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ ያም ሆኖ ከጎኔ ሲቀመጥ ከገበያ እስከ ቤት እግሩ አያርፍም።

«እኔ እኮ ነኝ የምነዳው» እለዋለሁ።

«እሱማ አይቼሻለሁ፤ ለዚያ ነው» ይለኛል።

ኩላሊቱ ላይ ትንሽ እብጠት የተገኘችው ለሌላ ነገር ሲመረመር ነው። ያየው ሐኪም «ሳትቆይ ትውጣ። ምናልባት ኩላሊቱን አትርፎ እሷን ብቻ ማውጣት ይቻላል» አለን። እሺ አልን። «በሮቦት ወደምትሠራ ሐኪም እልካችኋለሁ» ሲል ግን የባለቤቴ እግር ወለሉን ረገጠ።

ቤት እንደገባን «ሹፌር የሌለው መኪና ሆዴ ውስጥ አይገባም» አለ።

ነገሩን ያባባሰው ጎረቤታችን መካኒኩ ነው። ሊጠይቀን መጥቶ ሻዩን ፉት እያለ «እኔ ማሽን አውቃለሁ» አለ። «ማሽን የሚበላሽበትን ቀን አይነግርህም። መብራት ቢጠፋስ? እንደ ሊፍት ግማሽ ላይ ትቀራለህ።»

«አንተ ሰው፣ አፍህን ለበጎ አትከፍተውም?» አልኩት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ለሱ ብዬ ነው።»

ለሱ ብሎ ባለቤቴን ከቤት አስቀመጠው። ቀጠሮው አንዴ በጉንፋን፣ አንዴ በተማሪ ፈተና ሰበብ ተላለፈ። እብጠቷ ደግሞ ሰበብ አታውቅም። እኔ የምፈራው ሮቦቱን ሳይሆን የቀኑን መሄድ ነበር። በመጨረሻ «አትስማማ፤ ጠይቀህ ብቻ ና። ካልጣመህ እኔው ነድቼ እመልስሃለሁ» አልኩት። ማባበያ ይሁን ማስፈራሪያ እኔም አላውቀውም። ብቻ ተነሣ።

የሐኪሟ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የላስቲክ ኩላሊት፣ መስኮቱ ላይ ውሃ የጠማው አበባ። ሐኪሟ ገና ወጣት የምትባል ነች። ቀና ብላ ባለቤቴን አየችውና ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም።»

ትክ ብሎ አያት። እሱ ፊት ይረሳል፤ አነዳድ ግን አይረሳም።

«ሦስት ጊዜ ጥለውኛል» አለችው። «ወደ ኋላ ማቆም ላይ።»

የባለቤቴ መልክ ተለወጠ። «በርሜሉን የገጨሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔው ነኝ።»

«አሁንስ ወደ ኋላ ታቆሚያለሽ?»

«አሁንም ባለቤቴ ነው የሚያቆምልኝ።»

ተነሥቶ የሚወጣ መስሎኝ ቦርሳዬን ያዝኩ። አልወጣም። ምናልባት ስላልዋሸችው ይሆናል። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና እንደ ፈታኝ እጆቹን አጣጠፈ።

«ማነው የሚነዳው?»

«እኔ ነኝ። ሮቦቱ በራሱ አንዲት ነገር አይቆርጥም። እዚያው ክፍል ውስጥ ከአልጋዎ ትንሽ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ሆድዎ ላይ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳ እናበጃለን፤ በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። እጄን ሳንቀሳቅስ ይንቀሳቀሳሉ፣ እጄን ሳቆም ይቆማሉ።»

«ዞር ብለሽ ከሰው ጋር ብታወሪስ?» ይህቺ ለተማሪ ሁሉ የሚያነሣት ወቀሳ ነች።

«ጭንቅላቴን ከማሽኑ መመልከቻ ቀና ካደረግሁ መሣሪያዎቹ ባሉበት ይቆለፋሉ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? ይህ ነገር መኪና ላይ ቢኖር ኖሮ ፀጉሬ አይሸብትም ነበር።»

ስለ መብራቱም ጠየቃት፤ የመካኒኩ አደራ ነው። ጄኔሬተር እንዳለ፣ ማሽኑም የራሱ ባትሪ እንዳለው፣ ጨርሶ ከተበላሸ ደግሞ መሣሪያውን አውጥተው በእጅ እንደሚቀጥሉ ነገረችው።

«ደም ቢበዛ ወይም በደንብ ባይታየኝም ሆድዎን ከፍቼ እጨርሳለሁ» አለች። «አስቀድመው ይወቁት፤ ሲነቁ ትልቅ ቁስል ቢያገኙ ጉድ ተሠራሁ እንዳይሉ። ኩላሊቱን ማትረፍ ካልተቻለም አብሮ ይወጣል።»

«ስንት ሠርተሻል?»

«እንዲህ ያለውን ከመቶ በላይ። ከፍቼ የጨረስኳቸው አሉ። ደም የፈሰሳቸው፣ ቁስላቸው ያመረቀዘም አሉ።»

«በእጅ ከሚሠራው ይሻላል?»

«ቁስሉ ያንሳል፤ ብዙ ሰው ቶሎ ቤቱ ይገባል። በሽታውን ለማውጣት ግን በሮቦት መሠራቱ ብቻውን የተሻለ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ከመኪናው ይልቅ ዋናው ሹፌሩ ነው።»

ባለቤቴ ለተማሪዎቹ የሚላት የራሱ ቃል ነች።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ አመጣ፤ ድምፁም ዝቅ አለ። «ሁለተኛው ፍሬን ማን ጋ ነው?»

አልሳቀችም። «ስማር አስተማሪዬ ጋ ነበር። ሌላ ወንበር ላይ ሆኖ እኔ የማየውን እያየ፣ ስሳሳት ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። አሁን እሱ የለም። ግን አልጋዎ አጠገብ ረዳት ሐኪም አለ፣ ነርስ አለች፣ የማደንዘዣው ባለሙያ አለ። ማንኛቸውም ቁሚ ካሉኝ እቆማለሁ።»

«እኔ ጋስ?»

«ከተኙ በኋላ የለዎትም፣ ጋሼ። እስኪተኙ ግን አለ። አልፈልግም ካሉ እዚያው እንቆማለን።»

እግሩን አየሁት፤ ወለሉን እየረገጠ ነው። እየረገጠ «ቀኑን ንገሪኝ» አላት።

ቀኑ ሲደርስ ባለ ጎማ አልጋ ላይ አጋድመው ሲገፉት ነርሷ አንሶላው ሥር የሚንቀሳቀሰውን አየች።

«አባት፣ እግርዎን ያምዎታል?»

«አያመኝም። መታጠፊያው ላይ ፈጠንሽ» አላት።

ሐኪሟ በሩ ላይ ጠበቀችን። ጎንበስ ስትልለት «ስፖኪዮሽን አይተሻል?» ሲል ጠየቃት።

«አይቻለሁ፣ ጋሼ። ቀበቶዬንም አስሬአለሁ።»

«በይ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ።»

በሩ ተዘጋ። መካኒኩ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። የኮሪደሩ አምፖል ብልጭ ባለ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን።

ሐኪሟ ስትወጣ ኮፍያዋን በእጇ ይዛ ነበር። እብጠቷ ወጥታለች፣ ኩላሊቱ ተርፏል፣ መክፈትም አላስፈለገም። ምንነቷን የሚነግረን የላቦራቶሪው ውጤት ነው አለችን። ውጤቱም ኋላ በደህና መጣ።

እሱ ሲነቃ መጀመሪያ ያለው «ሆዴን በስተው ትከሻዬን ያመኛል። መንገድ ስታለች ማለት ነው» ነው። ነርሷ ሳቋን ስትጨርስ ነገረችው፤ ሆድ ውስጥ በደንብ እንዲታይ የሚነፋው ጋዝ ትከሻ ላይ ያማል፣ ውሎ አድሮ ይለቃል።

ስንወጣ ሐኪሟ አስጠነቀቀችው። ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሽንቱ ከደማ ሳይውል ሳያድር እንዲመጣ። «መኪናም እንዳይነዱ። ፍሬን በድንገት በኃይል ሲረግጡ የማያምዎት እስኪሆን ድረስ።»

ስለዚህ የነዳሁት እኔ ነኝ። እሱ የአስተማሪው ወንበር ላይ ነው። የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ረገጠ፤ «ውይ» አለ። ሁለተኛው ላይ ረገጠ፤ ሆዱን ያዘ። ሦስተኛው ላይ እግሮቹን ሰብስቦ ወደ በሩ በኩል አደረጋቸው።

«ምነው?»

«ያማል። ንጂ፣ አንቺው እወቂበት።»

ከፋርማሲው ካለፍን በኋላ ድምፁ ጠፋ። ዞር ብዬ ማየት ፈራሁ፤ ዓይኔን ከመንገድ እንዳላነሣ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳየው ተኝቷል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ጡሩምባ እስኪነፉብኝ አልተነሣሁም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ነዳ፣ አስተማረ፣ ጣለ። ለሐኪሟም ወደ ኋላ ማቆም አስተማራት፤ በርሜሉን አሁን የምትነካው ስትቸኩል ብቻ ነው ይል ነበር። አምና በልቡ ሞተ። ኩላሊቱ ጤነኛ ነበር።

መኪናዋን አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። ለሰርቪስ ባስገባኋት ቁጥር መካኒኩ «እትዬ፣ ይህን ትርፍ ፍሬን ልንቀልልዎት? ለተሳፋሪ እግር አይመችም» ይለኛል። የፍሬኑ መርገጫ ላስቲክ በአንድ በኩል አልቆ ብረቱ ይታያል።

«ተወው» እለዋለሁ። «ዘይቱን ብቻ ለውጥ።»