ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

ሰው ለጉዞ ሲነሳ ሻንጣ ያዘጋጃል። እኔ ያዘጋጀሁት ክርክር ነበር። ሙሉጌታን አሳምኜ ከበረሃ ማምጣት ነበረብኝ፤ ለዚያውም እስከ ዓርብ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። እኔና ሙሉጌታ፣ ሰፈር ውስጥ ሙሌ ነው የሚባለው፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ድንኳን ስንሰፋና ስናከራይ የኖርን ሰዎች ነን። እሱ ይሰፋል፣ እኔ አከራያለሁ። እሱ መርፌ፣ እኔ ምላስ። አራዳ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ ነው፣ ቀጥሎ እኛ ነን፤ አንዳንድ ቤትማ እኛ እንቀድም ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ሱቃችንም አብሮ ተነሳ። ሙሌ የስፌት መኪናውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሄደ፤ ከመተሐራ ማዶ ባለ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ቱሪስት የሚያድርባቸውን ድንኳኖች ሊጠግን። «ለጊዜው ነው አሴ» ብሎኝ ነበር። ጊዜው ዓመት አለፈው።

አሁን ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ አምስት ኪሎ አካባቢ ምትክ ሱቅ ተፈቀደልን። የተፈቀደው ግን በሁለታችን ስም ነው። ዓርብ ሁለታችንም ካልቀረብን ቦታው ለተረኛ ይተላለፋል። ስልክ ስደውል ያቺ የማትሰለች ሴት «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። መልእክት ላኩለት፣ «እናወራለን» ብሎ መለሰ። «እናወራለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ለስንቱ ደንበኛ ብዬዋለሁ።

ስለዚህ ወደ ካምፑ ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ፣ ማናጀሯ እሷው ናት፣ ሠራተኛ ግቢው ውስጥ ጠያቂ መቀበል እንደማይፈቀድለት፣ በሩን የሚያልፈው ማደሪያ የያዘ እንግዳ ብቻ እንደሆነ አስረዳችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ለአንድ ሌሊት የጠየቀችኝ፣ እኔ ትልቁን የሠርግ ድንኳን ከነወንበሩ ለሦስት ቀን የማከራይበትን ነው። «ለሀገር ሰው የተቀነሰ ነው» ብላ አጽናናችኝ። እኔ በሠርግ ላይ ስንት ድንኳን ሰባሪ አባርሬአለሁ፤ ሳይጠራ ገብቶ የሚበላውን ማለቴ ነው። ከፍሎ የሚሰብር ግን ከእኔ በፊት አላየሁም።

ረቡዕ፣ መንገድ ላይ

በማለዳ ከቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ተወልውሎ፣ መብራቱ ተደርድሮ ያምራል፤ አያምርም የሚል ዓይኑን ይታከም። የእኔ ችግር የት ቆሜ እንደማየው አለማወቄ ነው። ድሮ «ከሰዓት ሠሪው ጎን ጠብቀኝ» እንባባል ነበር። አሁን «ከመብራቱ ጎን» ብትለው ሰውየው እስከ ማታ ሲዞር ይውላል፤ ሁሉም መብራት ነው።

ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ አዳማ በሚኒባስ ሄድኩ። ፈጣን መንገዱ እንቅልፍ ያመጣል፤ እኔ ግን አልተኛሁም፤ ጉድጓድ የለመደ ወገብ ልስላሴ ሲያገኝ ይፈራል መሰለኝ። አዳማ ላይ ፉል በዳቦ በላሁ፤ መቶ ሃምሳ ብር። ማኪያቶው ከፒያሳው ይረክሳል፣ ጣዕሙም ያንኑ ያህል።

ከአዳማ በኋላ አጠገቤ የተቀመጡት ሽንኩርት ነጋዴ እናት ነበሩ። ወለንጪቲን እንዳለፍን ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። እዚያ ማዶ ድንኳን ውስጥ ላድር ነው አልኳቸው።

«ውይ! ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም እናቴ። ለሽርሽር ነው።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡና ከዘንቢላቸው ሁለት ብርቱካን አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። እስከ መተሐራ ድረስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። አእምሮው ለተነካ ሰው የሚደረግ ደግነት ነው ያደረጉልኝ፤ ብርቱካኑ ግን ጣፋጭ ነበር።

መተሐራ ስትደርስ ምድሩ ይለወጣል። በግራ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል፤ ከሥሩ ያ ድሮ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ እንደተቃጠለ ድስት ጠቁሮ ተኝቷል። የበሰቃ ሐይቅ በየዓመቱ እየሰፋ መንገዱን እየገፋ ነው አሉኝ። እሱም የማስፋፊያ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የካምፑ መኪና ጠበቀኝ። ሾፌሩም አስጎብኚውም ሮባ የሚባል የዚያው አገር ሰው ነው፤ የአራት ልጆች አባት፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ። መኪናው ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ አቧራውን ያለ አስተርጓሚ ተቀበልኩት። መንገድ ላይ ሳላ አየን። ቀንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የተሰነዘረ፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተቀባ፣ ኩሩ እንስሳ ነው፤ ሲያየን አልሮጠም፣ ብቻ ጀርባውን ሰጠን። ከርከሮ ከነልጆቹ ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ አለፈ። ሰጎንም ነበረች። አንበሳ ግን የለም። ሮባ መኪናውን አቁሞ አሸዋው ላይ የአንበሳ ዱካ አሳየኝ፣ የትናንት ነው አለ።

«አንበሳውስ?»

«ሄዷል።»

«እንግዶቹ በዚህ ይደሰታሉ?»

«ፎቶ ያነሱታል፣ ጋሼ።»

ፒያሳ ሙሉ ዕድሜዬን ስነግድ፣ የዕቃውን ዱካ አይቶ ከፍሎ የሚሄድ ደንበኛ አንድ እንኳ አላጋጠመኝም። የሥራ መስክ የተሳሳትኩ መሰለኝ።

ካምፑ

ከዚህ ቀጥሎ ያደረግሁትን ሰው ከሌላ ሰምቶ ከሚስቅብኝ እኔው ልንገረው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስን። ግራሮቹ ሥር አረንጓዴ ድንኳኖች ተደርድረዋል። ከፊት ለፊታቸው ወንበር በረድፍ ተቀምጧል። በወንበሮቹ ላይ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች፣ ፈረንጆችም የእኛ ሰዎችም፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መሬት መሬት እያዩ ተቀምጠዋል። ድንኳን፣ የተደረደረ ወንበር፣ ዝምታ። እግሬ ከጭንቅላቴ ቀደመ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ አንገቴን ሰበርኩ፣ ወደ ረድፉ ቀርቤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አልኩና ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰዎቹ ለካ ከታች ያለው ኩሬ ላይ ውሃ የሚጠጣ አጋዘን እያዩ ነው። በድምፄ አጋዘኑ ደንብሮ ገደሉን ወረደ። አንዲት ፈረንጅ ተናደደች። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎረምሳ ሳቁን በሻርፑ አፈነው። ፋራ ስባል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔ፣ የአራዳ ልጅ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሠራተኞቹ ካኪ ለብሰው እንግዳ ለመቀበል ተሰልፈዋል። በሰልፉ ውስጥ ሙሌ አለ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ጢሙን ተላጭቷል። እጄን ዘርግቼ ስሄድለት እሱ ደረቱን በእጁ ያዘና እጅ ነሳ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ አሰፋ።»

ማናጀሯ እንደምንተዋወቅ ጠየቀችው። «የፒያሳ ሰው ናቸው» አላት። ናቸው! ሙሌና እኔ ከአንተ ተነስተን ወደ ስድብ እንወርድ እንደሆን እንጂ ወደ እርስዎ ወጥተን አናውቅም። እንግዳን ሁሉ እርስዎ ማለት የቤቱ ደንብ ነው ብዬ ሳቄን ዋጥኩ። ሻንጣዬን ተሸክሞ ወደ ድንኳኔ መራኝ። ውስጥ ስንገባ፣ በል አሁን ሰው የለም፣ ሙዱን ልቀቀው አልኩት።

«ሲወጡ ዚፑን ይዝጉት» አለኝ። «ጦጣ ይገባል።»

ወጥቶ ሄደ። ድንኳኑ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ መታጠቢያ አለው። እኔ ግን ያየሁት ስፌቱን ነው። ጥጉ ላይ ሁለቴ ታጥፎ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ፣ ነፋስም ዝናብም የማይፈታው፤ የእሱ እጅ ነው። እራት ላይ ምስር ወጥ በትንሽ ሳህን በቅጠል ተሽሞንሙኖ መጣ። የውሃውን ዋጋ አልጽፈውም፣ ሐሰት ይመስላል።

ሐሙስ ጠዋት

ቁርስ እንደበላሁ ፈልጌ አገኘሁት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ግራር ሥር ተቀምጦ፣ ጦጣ የቀደደውን ሸራ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይሰፋል። ዙሪያችን ሰው አልነበረም። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ሱቁ አስፋልት ዳር እንደሆነ፣ አምስት ኪሎ ትምህርት ቤቱና መሥሪያ ቤቱ ብዙ ስለሆነ ሠርጉም ምርቃቱም እንደማይጠፋ፣ ዓርብ ካልቀረብን ሁሉም እንደሚያመልጠን። መርፌውን ሳያቆም ሰማኝ። ስጨርስ ከሰፈሩ እነማን እንደቀሩ ጠየቀኝ። ሰዓት ሠሪው? ጋራ ሥር ኮንዶሚኒየም ገባ አልኩት። የጋሽ ደምሴ ቤተሰብ? እነሱም። የዕድራችን ዳኛ? እሳቸው ዳኛ ናቸው፣ ዕድሩ ግን በየአቅጣጫው ተበትኗል።

«እና ለማን ልስፋ?» አለኝ።

ሰው መቼም መሞቱን አይተውም አልኩት፣ ለማሳቅ። አልሳቀም። ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚያለቅስበትን ሰፋሁ» አለ። «እናቴ የሞተች ጊዜ፣ ራሴ በሰፋሁት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ስፌቱን ስቆጥር ዋልኩ። ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ‹እዚች ጋ ክሩ ላልቷል› እላለሁ። እዚህ ድንኳኔ ውስጥ የሚያለቅስ የለም፣ አቶ አሰፋ።»

ከትናንት ጀምሮ አንድ እንዳለ፣ እኔ ራሴ ለማልቀስ ምንም እንዳልቀረኝ አልነገርኩትም። ያልኩት ሌላ ነው።

«ማናጀሯ የለችም። ሮባ የለም። ለማን ብለህ ነው አቶ የምትለኝ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከመጣሁ ወዲህ በደንብ ሲያየኝ ገና የመጀመሪያው ነበር።

«አንዴ አሴ ካልኩዎት እሺ ብዬ እከተልዎታለሁ» አለኝ። «አያስብሉኝ።»

ሰላሳ ዓመት ደንበኛ ፊት ቆሜአለሁ። ለመግዛት አንዲት ቃል የቀረችውን ሰው ከዓይኑ አውቀዋለሁ፤ ያቺን ቃል ምላሴ ላይ ይዣት ነበር። የልጅነታችንን አንዲት ነገር ብጠራለት ሸራውን ጥሎ ይነሳል። ነገር ግን ሌላም ዓይነት ዓይን አውቃለሁ፤ ተለምኖ ገዝቶ በማግስቱ ዕቃውን የሚመልስ ደንበኛ ዓይን። የሙሌ ዓይን ያ ነበር። አምስት ኪሎ ወስጄው፣ ባንኮኒ አጠገብ አስቀምጬው፣ ስፌት ሲቆጥር ላየው ነው። ቃሏን ዋጥኳት። የዚህን ያህል የመረረ ነገር በልቼ አላውቅም፤ ቁርሱን ከማር ወለላ ጋር ያቀረቡት ሰዎች አይፈረድባቸውም።

«እሺ አቶ ሙሉጌታ» አልኩት።

መርፌው ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

የሱቁን ድርሻውን ለእኔ የመልቀቁን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ከማናጀሯ ግማሽ ቀን ፈቃድ ተቀበለ፣ ሮባ መተሐራ አደረሰን፣ ውል ማጽደቂያው ቢሮ ተራ ጠበቅን። ጸሐፊዋ ድርሻውን በነጻ መልቀቁን ስትሰማ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ምን እንደምንሆን ጠየቀችን። ወንድም? አማች? በነጻ የሚለቅ ሰው ዘመድ ካልሆነ ዕዳ አለበት ብላ ሳትጠረጥር አልቀረችም። እኔ አፌን ስከፍት ሙሌ ቀደመኝ።

«ጎረቤት ነበርን» አላት።

ፈረመ፣ ፈረምኩ። በነጋዴ ሂሳብ የዓመቱን ትልቅ ትርፍ አግኝቻለሁ፤ ሙሉ ሱቅ፣ ለብቻ። መናኸሪያው ድረስ ሸኘኝ። የላስቲክ ውሃ ገዝቶ በመስኮት አቀበለኝ፤ በደህና ይግቡ አለኝ። አውቶቡሱ ሳይነሳ ዞሮ ሄደ። እንደዚያ ሳላ፣ ሳይሮጥ።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ቢሮው ወረቀቱን አይቶ ቁልፉን በአንድ ሰው ስም ሰጠኝ። ሰዎች ሳፋሪው እንዴት ነበር፣ አንበሳ አየህ ወይ ይሉኛል። ዱካውን አይቻለሁ እላቸዋለሁ። ምን ተማርክ ላለኝ ግን መልሴ ይህ ነው። ለሞተ ሰው ድንኳን ይተከላል፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ ይለቀሳል፣ በሦስተኛው ቀን ይነቀላል። በሕይወት እያለ ለተለየህ ሰው የሚተከል ድንኳን ግን እስካሁን የሰፋ የለም። ቢሰፋ ዘንድሮ ገበያው አራዳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሠዓሊ ጠራሁ፣ ለሱቁ ታፔላ እንዲጽፍልኝ። ቀለሙን በጥብጦ፣ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ስሙን ማን ልበለው ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩ። የእኔን ብቻ ማለት ከበደኝ፤ የሁለታችንን ማለት ውሸት ሆነብኝ።

«ድንኳን ይከራያል በል።»

«ስምስ፣ ጋሼ? ስም የሌለው ሱቅ አለ?»

«ጻፍ» አልኩት። «እኔን ፈልጎ የሚመጣ ሐዘንተኛ ስም የሚያነብበት ልብ የለውም።»