ባል ያበላሹት አስተማሪ

ሰልዋ አያቶቿ እንዴት እንደተጋቡ ሁለት የማይገጣጠሙ ታሪኮች እየሰማች ነው ያደገችው። ሴት አያቷን እሷ ሐቡባ ትላቸዋለች፤ መንደሩ ሁሉ ግን ሲት በቱል ነው የሚላቸው፣ አስተማሪ ናቸውና። እሳቸው ሲያወሩት ታሪኩ አጭር ነው። ሰውዬው ማንበብ አይችልም ነበር፣ አስተማርኩት፣ አገባኝ ይላሉ። ወንድ አያቷ ጃብር ሲያወሩት ግን ከምሳ እስከ አሱር ሶላት ይዘልቃል፤ ማንበብ አለመቻላቸውም የሚነሳው እንደ ቀላል ነገር በጎን ነው።

ሁለቱም የሚስማሙበት እንዲህ ነው። እንግሊዞች ከሱዳን በወጡ ሰሞን፣ ሲት በቱል በአስራ ዘጠኝ ዓመታቸው በፖስታ ጀልባ መጥተው መንደሩ ዳር ወረዱ። ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ ሳጥን ጠመኔና አንዲት አሮጊት አክስት ይዘዋል፤ ያላገባች ልጅ ብቻዋን አትላክማ። የሴቶች ትምህርት ቤት ተብሎ የተሰጣቸው የቴምር መጋዘን ነበር። የመጣችላቸውም አንዲት ተማሪ ብቻ ናት፣ የዑምዳው ልጅ ሰኪና። አባቷ የመንደሩ ሹም ስለሆነ ለሌላው አርአያ ትሁን ተብላ ተገዳ ነው። ሲት በቱል ግን ስም መጥራት አልተዉም። በየጠዋቱ መዝገቡን ገልጠው “ሰኪና” ይላሉ፤ ሰኪናም ግራ ቀኟን አይታ “አቤት” ትላለች። አክስቲቱ ከኋላ ወንበር ያንቀላፋሉ። ሁለት ጊዜ ተቀስቅሰው ማባዛት ተጠይቀዋል።

ሲት በቱል ቤት ለቤት ዞረው እናቶችን ለመኑ። ሴት ልጅ ማንበብ ምን ይሠራላታል ተባሉ። ለማንበብማ ጃብር አለ።

የመንደሩ ወንዶች አብዛኞቹ ካይሮ በር ጠባቂና ወጥ ቤት ሆነው ነው የሚኖሩት። ደብዳቤያቸው በጀልባ ሲመጣ ሚስቶቻቸው ባለሱቁ ጃብር ዘንድ ይሰበሰባሉ። ጃብር ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጺሙን ተከርክሞ፣ የሟች አባቱን መነጽር አድርጎ፣ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ያነባል። “የዓይኔ ብርሃን ነፊሳ ሆይ፣ ካንቺ ከተለየሁ ወዲህ የካይሮ ውሃ ጨው ጨው ይለኛል” ሲል ሴቶቹ በተከናነቡት ቶብ ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሁሉም ደብዳቤ የሚያልቀው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ሻይና ስኳር ከወንድሜ ከጃብር ሱቅ እንጂ ከሌላ እንዳትገዢ።

አንድ ሐሙስ ጃብር ለዕቃ ግዢ ከተማ ወጣ። ነፊሳ እስኪመለስ መታገስ አቅቷት የባሏን የዑስማንን ደብዳቤ ይዛ አስተማሪዋ ዘንድ ሄደች። ሲት በቱል አነበቡላት፦ “ደህና ነኝ። ጥጃውን አትሽጪ። ጣራው ቢያፈስ ድፈኚው። ዑስማን።”

ነፊሳ ቀጥዪ አለች። አለቀ አሏት። ይሄማ የሌላ ሰው ባል ይሆናል ብላ ቤቷ ሮጣ የቆዩ ደብዳቤዎቿን ከነሳጥናቸው አመጣች። አስራ አንድ ናቸው። በአስራ አንዱም ውስጥ ያለው ጥጃውና ጣራው ነው። ሲት በቱል ነገሩ ገባቸው፣ ጃብርን ግን አላሙትም። ልጅሽን ላኪልኝ፣ ራሷ ታነብልሻለች፤ ያን ጊዜ እኔንም ሆነ ጃብርን ማመን አያስፈልግሽም አሏት። ወሬው ሲዞር በሳምንቱ አስራ አራት ልጆች መጡ።

ዓመት ሳይሞላ ሴት ልጆቹ ለእናቶቻቸው ማንበብ ጀመሩ። ያን ጊዜ መንደሩ ውስጥ ሐዘን ገባ። ካይሮ ያለው ባል ሁሉ ባንድ ጊዜ ደረቀ። የአንዷ ባል ስለ በሬ፣ የሌላዋ ስለ አካፋ ነው የሚጽፈው። ሴቶቹ ተሰብስበው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

“ደህና ባል ነበረኝ” አለች ነፊሳ። “አንቺ መጥተሽ አበላሸሽብኝ።”

“ባልሽ ያው ነው፤ የተለወጠው አንባቢው ነው” አሉ ሲት በቱል።

መልሱ አላረካቸውም። ጃብር ወደ ንባቡ ይመለስልን ብለው ለዑምዳው ከሰሱ። ዑምዳው ከሚስቱ ተለይቶ አያውቅምና በዕድሜው ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም። ነገሩን በዓይኔ ልየው ብሎ ሁለቱንም መንደሩ መሐል ያለው ኒም ዛፍ ሥር አስጠራቸው። ሲት በቱል ከደብተራቸው አንድ ወረቀት አውጥተው፣ በዛሬው ጀልባ የመጣ ነው፣ እስቲ አንብብልን ብለው ለጃብር ሰጡት።

ጃብር መነጽሩን አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። “የልቤ ንግሥት ሆይ፣ ጨረቃ ስትወጣ ጣራ ላይ ተኝቼ መንደራችንን አስባለሁ…” ሴቶቹ ገና ከመጀመሩ ማልቀስ ያዙ። ሰኪና በትከሻው ላይ አንገቷን አሰገገች።

“አባዬ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ ነው እኮ የሚለው” አለች። “ሁለተኛው መስመር ደግሞ ክፍል ውስጥ መትፋት ክልክል ነው።” እንዳትረሳው ሃምሳ ጊዜ ተገዳ የገለበጠችው የክፍሉ ደንብ ነበር።

ጃብር መነጽሩን አወለቀ። ሳይቆጣ ሳያፍርም ዑምዳውን አየው።

“ዑስማንን አብሬው ነው ያደግኩት። ቢያውቅበት ኖሮ እንዲያ ብሎ ነበር የሚጽፈው። እኔ ያነበብኩት ወረቀቱን ሳይሆን ሰውዬውን ነው።”

“ስኳሩስ?” አለ ዑምዳው።

“ስኳሩ የኔ ነው።”

መጀመሪያ የሳቀችው ነፊሳ ናት። ከዚያ አክስቲቱ፣ ከዚያ ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ። ዑምዳው ጃብር ፊደል ይማር ብሎ ፈረደ። ሴት ልጆች ክፍል ውስጥ ወንድ መቀመጥ ነውር ስለሆነም ከውጭ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ ተማረ። ፀሐዩ ጠንቶበት ወደ ጥላው ሲሸሽ ሲት በቱል ለተማሪዎቹ ያነበቡትን ጮክ ብለው ይደግሙታል፤ ለማን እንደሚደግሙት ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

ነፊሳም ለባሏ በልጇ እጅ አጻፈች፤ እንደ ድሮው ጻፍልኝ፣ ውሃው ጨው ጨው ይለኛል እንዳልከው አድርገህ አለችው። ዑስማን ካይሮ ሆኖ ግራ ገባው። ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ፦ “ውሃው ደህና ነው። ግን ናፍቀሽኛል። ጥጃውን አትሽጪ።” ነፊሳ ያቺን ደብዳቤ እስክታረጅ ድረስ ደረቷ ውስጥ ይዛ ዞረች።

ጃብር በሁለተኛው ዓመት ለሲት በቱል የጋብቻ ጥያቄ ጻፈ። አራት ስህተት ነበረበት፤ አርመው መለሱለት። ሁለተኛው ላይ አንድ ቀረ፤ ያንንም መለሱለት። ሦስተኛውን አክስቲቱ እጅ ላይ አስቀምጠው፣ አባቴ ዘንድ ይዘሽልኝ ሂጂ አሏቸው።

ከዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተማሩ፣ አራት ልጆች ወለዱ፣ ጃብርን ቀበሩ። ሰልዋ ወላጆቿ ጅዳ ለሥራ ሲሄዱ በሰባት ዓመቷ፣ ወንድ አያቷ ገና በሕይወት ሳሉ፣ እነሱ ዘንድ ቀረች፤ በኋላም እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ሐቡባ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ሲታዩ ሽማግሌ ሁሉ ሲጋራውን ከኋላው ይደብቅ ነበር። ሰኪና ራሷ የልጅ ልጅ አይታ ሳለች እሳቸው ሲገቡ ከጠፍር አልጋው ላይ ብድግ ትላለች። “ተቀመጪ” ካልተባለች አትቀመጥም፤ እሳቸው ደግሞ አንዳንዴ አውቀው ይረሳሉ።

በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣ ከቀትር በኋላ፣ ጋደም እንዳሉ አረፉ። ሰልዋ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ለቅሶ ቤቱን ሞልተው ሳለ ሰኪና የኒሙን ዛፍ ነገር አነሳች። ጥፍራችሁን ቁረጡ የሚለው ላይ ስትደርስ ሴቱ ሁሉ አፉን በቶብ ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። ሰልዋም ሳቋና እንባዋ ተቀላቅሎ ትን አላት፤ ውሃ አጠጧት። ለሟቿ ቁርአን የሚቀራው ፈኪ ከወንዶቹ ድንኳን ተነስቶ መጣና በሩ ላይ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ እዚህ ለቅሶ ነው ወይስ ሰርግ ሲል ጠየቀ። ሰኪና ጠርታ ነገረችው። ሰውዬው ወግ አዋቂ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ቆየና፣ አላህ ይማራቸው ብሎ ሄደ። ሰልዋ ያኔ ነው የሰጧት ሻይ ወተት የሌለው መሆኑን ያየችው፤ ወተት ጨምሩልኝ አለች፤ ቂጣም አነሳች።