ድምፅ የሌላት አውቶቡስ

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ገበያ ዳር ቆሜ ማንጎ ስመርጥ አንዲት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ በጎኔ አለፈች። ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። ከፊቷ ሥር ፉጨት የሚመስል ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ማንጎ ሻጯ፣ "ይሄ ደግሞ ምን ይላል? ይዘፍናል እንዴ?" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ወደ ድምፁ ዞርኩ። ፌስታሉ ከእጄ አመለጠና ማንጎዎቹ ጭቃ ውስጥ ተበተኑ። "አመመህ እንዴ ልጄ?" አለችኝ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ዝም አሰኝቼዋለሁ።

ጽሑፍ አዋቂ አይደለሁም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው የቆምኩ ሰው ነኝ። ስለ ወንድሜ ስለ ሰይድ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ቢሆንም ልሞክር።

ሰይድ በአምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ወላጆቻችን በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው። እሱ የናፍጣ ሞተር ሲፈታ ነው ያደገው። ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ ለዒድ እንኳ አይለቅም ነበር። ከዚያ በከተማው መውጫ፣ በባምባሲ መንገድ፣ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ተሠራ። በሳጥን ተፈታተው የሚመጡ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች የሚገጣጠሙበት ነው። ሰይድ እዚያ ተቀጠረ። ሦስት ወር ሳይሞላው እጁ ነጣ። "እየው ሙሄ፣ የሙሽራ እጅ አልመሰለም?" እያለ ያሳየኝ ነበር። ቆየት ብሎ እኔንም አስገባኝ። ሽቦ ገጣጣሚ ሆንኩ።

የበርታ ልጅ፣ የሰፋሪ ልጅ፣ ከወለጋ የመጣ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ገንፎ በባምያ እንበላ ነበር። ሁላችንም ደግሞ ጊዜያዊ ነበርን። ኃላፊው ሰብስቦ ነገሩን በግልጽ ነገረን። የመጀመሪያዋ አውቶቡስ ሙሉ ጭነት ይዛ፣ በአንድ ቻርጅ፣ ባምባሲ ደርሳ ያለ እንከን ከተመለሰች ቋሚ እንሆናለን። ካልሆነች አዳራሹ ተነቅሎ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድ እንቅልፍ አልነበረውም። የሚነዳት እሱ ነበርና።

ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያ ክረምት መንገዱ ሰው ይበላ ነበር። በባምባሲ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ረጅም ቁልቁለት ሥር፣ ገመድ የተወጠረበት ኬላ አለ። አንድ ቀን ታጣቂዎች የጫነች ፒክአፕ ሞተሯን አጥፍታ ቁልቁለቱን ተንከባልላ መጥታ ጠባቂዎቹን ሳያስቡት ደረሰችባቸው። አራት ሰው ሞተ። አንዱ የሃሩን ታናሽ ወንድም ነበር።

ሃሩን የኬላው ሚሊሻ ነው፣ የበርታ ልጅ፣ የሰይድ ወዳጅ። መኪናን በጆሮው ነበር የሚለየው። ከሙከራው በፊት በነበረው ሳምንት ሰይድና እኔ ለሌላ ጉዳይ በአይሱዙ ስናልፍ አስቁሞ የተጠበሰ እሸት ሰጠን።

"ያ ሰይድ! ይሄ አይሱዙ ሦስተኛ ማርሽ ያመዋል። አንተ ሐኪም ነህ፣ አትሰማም?"

"ሃሩኔ፣ አንተ ሰው ነህ ወይስ ጆሮ?"

"ጆሮ ነው! ዓይን ውሸታም ነው። ጉም ሲሆን አያይም። መኪና ገና ላይ ሳለ እኔ ስሙን አውቃለሁ።" ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "ሞተር አጥፍቶ የሚመጣ ግን ሸይጣን ነው። ከእንግዲህ እሱን አልጠይቅም፣ እተኩሳለሁ።"

"የኛዋስ? የሷ ሞተር እኮ አይጮህም።"

"ወላሂ? ታዲያ በምን አውቃለሁ?"

"ቀስ ስትል ታፏጫለች። ሰው እንዲሰማት ስፒከር አላት። ፉጨቷን ስትሰማ ገመዱን ዝቅ አድርግ።"

"እሺ። ፉጨት ሰይድ ነው።"

እኔ እሸቴን እየጋጥኩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሰምቻለሁ። ከጨዋታ ቆጠርኩት።

በሙከራው ዋዜማ አውቶቡሷን በግቢው ውስጥ አዞርናት። ሥራ ያልደረሳቸው የከተማው ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። በእኛ ያረሩ ናቸው። ከሳምንት በፊት አንዱን ጓደኛችንን መንገድ ጠብቀው ጥርሱን አውልቀውታል። ፉጨቷን ሲሰሙ አጥሩ በሳቅ ተናወጠ። "አስም ይዟታል!" "ኧረ ዋሽንት ገጥመውላታል! ለዚህ ነው የተመረጣችሁት?" ድንጋይም ወረወሩ። አንዱ ትከሻዬን አገኘኝ። ከድንጋዩ ይልቅ ሳቁ አመመኝ። ሁሉም ሲበተን ከሥሯ ገባሁና የስፒከሩን ሽቦ ነቀልኩት። ነገ በባምባሲ ሰው ፊት እንደ ጥላ ዝም ብላ ስትገባ ጉድ ይላሉ ብዬ ነበር።

ሲነጋ ሰይድ፣ "ሙሄ፣ ሽቦው ሁሉ በቦታው ነው?" አለኝ።

"በቦታው ነው" አልኩት።

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ጉሙ ከቀርከሃው ውስጥ እየወጣ መንገዱ ላይ ይተኛል። በወንበሮቹ ላይ አሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ በመካከላቸው እኛ። አለቆቹ ቀድመው ሄደው ባምባሲ ይጠብቁን ነበር። የሥራ ጓደኞቼ እየዘፈኑ ነበርና ፉጨቷ መጥፋቱን ማንም ልብ አላለም፣ ሰይድም። እኔ ከሱ ኋላ ተቀምጫለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። የመጨረሻውን መታጠፊያ ስንዞር ገመዱ አልወረደም። ከጉሙ ውስጥ "ቁም!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሰይድ ፍሬን እየያዘ ነበር።

ሦስት ጥይት ነው። በመጀመሪያው የፊት መስታወቱ ነጭ ሆነ። ሁለተኛው ሰይድን አንገቱ ሥር መታው። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ፣ ትኩስ ነበር፣ አፌ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ጆንያ በስቶ አሸዋው ይፈስ ጀመር። በግራ በኩል ገደል ነው። ሰይድ ሁለት እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ መሪውን አልለቀቀም። አውቶቡሷ ገመዱን በጥሳ ገደሉ አፍ ላይ ቆመች። ዘወር ብሎ አየኝ።

"ሃሩን... አልሰማም እንዴ?" አለኝ። ከዚያ መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ።

ጓደኞቼ በመስኮትም በበርም ዘለው ወረዱ። ሃሩን ሰይድን በመስታወቱ ቀዳዳ ሲያየው ጠመንጃውን ጥሎ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር። ሌሎቹ ጠባቂዎች ሸሹ። ልጆቹ በድንጋይ፣ በርግጫ፣ ባገኙት ወደቁበት። እኔ የጎማ መፍቻውን ይዤ ደረስኩ። ቀኝ እጁን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር በብረቱ በኩል ተሰማኝ።

"ድምፅ የለውም!" ይል ነበር ጭቃው ውስጥ ሆኖ። "በአላህ፣ ድምፅ የለውም! ፉጨት ጠበቅሁ!"

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ምን እያለ እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። አፉን መታሁት። ዝም እንዲል ነው የመታሁት። ለወንድሜ ብዬ አልነበረም። ዝም እስኪል መታሁት።

በሕይወት ተረፈ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ቀኝ እጁ ተጣሞ ደርቆ ነበር፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም። "ፉጨት አልነበረም" አለ። ዳኛው እኔን ጠየቁኝ። ሽቦውን የምገጥመው እኔ ነበርኩና ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። "ነበር" አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ዛሬም እስር ቤት ነው።

አዳራሹ ወሩ ሳያልቅ ተነቀለ። አካባቢው ለሥራ አይሆንም ተባለ። ጓደኞቼ ተበተኑ፣ ገሚሱ ወርቅ ቁፋሮ፣ ገሚሱ ቀን ሥራ። እስከ ዛሬ ሲገናኙ እንጀራችንን የወሰደው ሃሩን ነው ይላሉ። እኔም አብሬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሐዘን ያለበት ሰው ይታመናል። ምን ደበቅክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። በሐዘኔ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ተደብቄ ኖርኩ።

ማንጎው የተበተነ ዕለት ባዶ እጄን ቤት ገባሁ። እናቴ ሰግዳ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ እጇን አንስታ ሃሩንን ትረግማለች። ስሙን ከነአባቱ ነው የምትጠራው። ልጆቹንም ትጨምራለች። ሁልጊዜ "አሚን" እላት ነበር። ያን ዕለት አፌ እምቢ አለኝ። "ምነው ሙሄ፣ ወንድምህን ረሳኸው?" አለችኝ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው እንዲያነብላት አልፈልግም። ነገ ወደ ፍርድ ቤቱ ይዤው ከመሄዴ በፊት፣ ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ እኔው ራሴ አጠገቧ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ከዚያ በኋላ እጇን ስታነሳ የማንን ስም እንደምትጠራ አላውቅም። የማንንም ብትጠራ ግን አሚን እላለሁ።