ግማሹ መነጽር

የልጅ ልጄ ሳጥኔን መበርበር ይወዳል። ባለፈው ሰሞን ከቀሚሶቼ ሥር አንዲት ጥቁር ብርጭቆ አወጣና በመጨረሻዋ ልጄ በትርንጎ ስልክ ላይ ጋርዶ ሲያዞራት ስልኩ ድርግም አለ። መልሶ ሲያዞራት በራ። ልጁ ስልኩን የገደለው መስሎት ከንፈሩን ጣለ። እኔ ሳቄ መጣ። ሳቅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

ትርንጎ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ብርሃን ነው የምትማረው። ስለ ብርሃን ደግሞ ምን ትምህርት አለው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይነጋል እላታለሁ፣ ላናድዳት። ያን ዕለት ግን ብርጭቆዋን ከልጁ ተቀብላ ወደ መስኮቱ አንስታ አየቻትና «እማዬ፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?» አለችኝ።

«ከጓሳ» አልኳት። የቀረውን ለራሴ አስቀረሁት። ለናንተ ግን ላውጋችሁ፤ እናንተ አባቴን አታውቋቸው፣ አታሳብቁብኝም።

ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም ነበር፤ እኔም አፌ የማያርፍ ኮረዳ ነኝ። ጓሳ መቼም እንደ ሌላው ሜዳ አይደለም። ሣሩ በአገሬው ደንብ ይዘጋል፤ እስኪረዝም፣ እስኪጠና ዓመታት ይቆያል። ተከፈተ ሲባል ሰዉ ማጭዱን ይዞ ወጥቶ የቤቱን ክዳን ያጭዳል። ሲዘጋ ደግሞ አንዲት ዘለላ የቆረጠ ወዮለት። አባቴ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ።

በዚያ ዓመት በበጋው እኩሌታ ተከፈተ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሸክሜን አስሬ ወደ ምንጩ ስወርድ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት በቅሎ ያጠጣል፤ ሁለት የበግ ጠጉር ባና ደርቦም ይንቀጠቀጣል። ጌታነህ ይባላል፤ የመራቤቴ ቆላ ልጅ ነው። ቀበሮ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆችን ዕቃ ጭኖ ነው የመጣው፤ መነጽሩንም ከነሱ አንዱ ሰጥቶታል።

«መሪህ ወዴት ጥሎህ ሄደ?» አልኩት፣ እንደ ዓይነ ስውር ቆጥሬው።

«እስከ ዛሬ መሪ አልነበረኝም፤ አሁን መጣች» አለኝ።

የቆላ ሰው ማር ስለሚልስ ይሆናል እንዲህ ያለ አፍ ያለው። የገብስ ቆሎ ዘገንኩለት። እሱ መነጽሩን ዓይኔ ላይ ሰካልኝና ውሃውን እይው አለኝ። ውሃው ላይ ተኝቶ ዓይን የሚያጠፋው ነጸብራቅ የለም፤ ከሥር ጠጠሩ፣ የበቅሎዋ አፍንጫ የቀሰቀሰው ጭቃ ሳይቀር ወለል ብሎ ታየኝ። አንገቴን ሳዘነብል ነጸብራቁ መጣ፤ ሳቀናው ጠፋ። እንደ ዶሮ ወዲህ ወዲያ ስል እሱ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ወዲያ አጨዳው እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ ውሃ ይጠማኝ ጀመር።

ፈረንጆቹ ሊሄዱ ሲሉ በቅሎዋ መነጽሩን ረገጠችው። ክፈፉ ደቀቀ፣ ሁለቱ ብርጭቆዎች ተረፉ። ጌታነህ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ወደ ሰማይ ያዘና አዞረው፤ ጨለመ። መልሶ አዞረው፤ ነጋ። አንዱን መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

«ጓሳው ሲከፈት እመጣለሁ። ያኔ ሽማግሌ ልኬ ነው። ያንቺንና የኔን መልሰን እናገጥማቸዋለን» አለኝ።

ቆይ እንግዲህ። ዓመት አለፈ፤ ቤታችን የሌላ ሰው ሽማግሌ መመላለስ ጀመረ። ጓሳው ቶሎ ካልተከፈተ ለሌላ መዳሬ ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? በሁለተኛው ክረምት ቆጡ ላይ እየወጣሁ፣ ከአባቴ መደብ በላይ ያለውን ክዳን ከውስጥ እመዝ ጀመር። ዝናብ በመጣ ቁጥር አናታቸው ላይ ጠብ ይላል። መደብ ሲቀይሩ ቀዳዳው ይከተላቸዋል። «በገዛ እጄ የከደንኩት ቤት» እያሉ ባናቸውን ይከናነባሉ። እኔም ጓሳው ቢከፈት ጥሩ ነበር እላለሁ፣ ለሳቸው ያዘንኩ መስዬ።

መስቀል እንዳለፈ አገሬው ተሰበሰበ። ግማሹ ይከፈት፣ ግማሹ ይቆይ አለ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ሆኜ አንገቴን አሰግጋለሁ። አባቴ ተነሡ።

«የኔ ቤት እዚህ ካለው ሰው ሁሉ ቤት ይልቅ ያፈሳል» አሉ። «ስለዚህ ይከፈት ብል ለራሴ ብዬ ነው። ሣሩ አልደረሰም። ተዘግቶ ይቆይ።»

ሰዉ እውነተኛ ሰው ብሎ መረቃቸው፤ ጓሳው እንደተዘጋ ቀረ። እኔን ማን ይመርቀኝ።

በጥር አንድ ቀን አባቴ ከጥበቃ ገብተው እግራቸውን ሳጥባቸው፣ አንድ የመራቤቴ ልጅ መንገድ ላይ እንዳገኛቸው ነገሩኝ። ጓሳው ተከፍቷል ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ አልተከፈተም፣ መቼ እንደሚከፈትም እንጃ አሉት። ጥቂት ቆሞ፣ እጅ ነስቶ ተመለሰ። ቤታችንን አያውቅ፤ የማንን ልጅ ፈልጌ መጣሁ ይበል? የሰው ሴት ልጅ በስሟ ጠርቶ ከማያውቁት ሽማግሌ መጠየቅ ነውር ነው፤ የኔ አባት መሆናቸውንስ በምን ይወቅ?

«አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ጥቁር ብርጭቆ አንጠልጥሏል» አሉ አባቴ። «ምን ይሆን ልጄ?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኳቸው። አንዱን እግራቸውን ሁለቴ አጠብኩት፤ ሌላውን ረሳሁት።

ለዳግማይ ትንሣኤ ዘመሮ የሚባል አገር ተዳርኩ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር፤ ቀልድ ብቻ አይገባውም። ጓሳው ሲከፈት የበኩር ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ምንጩ ዘንድ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። በቅሎ ሁሉ መጥቶ ጠጣ፤ የሱ አልመጣችም።

ትርንጎ እንደነገረችኝ ብርጭቆዬ ቆሞ የመጣውን ብርሃን ታሳልፋለች፣ ተጋድሞ የመጣውን ታስቀራለች። ይሄ ገብቶኛል፤ ረጅም እንጨት ተሸክሞ በጠባብ በር ማለፍ ማለት ነው። እነሱ የሚማሩት ሌንስ ግን ጠፍጣፋ ነው አለች፤ ውፍረት የለውም፣ ስልክ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ ዓይን የማያያቸው ምሰሶዎች እንደ ጓሳ ሣር ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል፣ እያንዳንዱ ወደየራሱ አቅጣጫ ዞሮ።

«የተጋደመውን እንዳንቺ ብርጭቆ አይጥለውም፣ እማዬ» አለችኝ። «የቆመውን ወዲህ፣ የተጋደመውን ወዲያ ይልከዋል። ሁለቱም የየራሳቸውን ምስል ይሠራሉ።»

«ወዲያ የተላከውስ የት ይደርሳል?» አልኳት። ብዙ አስረዳችኝ። እኔ የጠየቅኳት ግን ሌላ ነበር።

ቤቴ ዛሬ ቆርቆሮ ነው፤ ብትመዘውም አይመዘዝ። ጓሳው በተከፈተ ቁጥር ግን ማጭዴን ስዬ እወጣለሁ። አንዲት እስር አጭጄ ምንጩ ዘንድ እወርድና፣ ብርጭቆዋን ዓይኔ ላይ አድርጌ አንገቴን አዘነብላለሁ። ነጸብራቁ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጠጠሩ እንዳለ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ቆርቆሮ ቤት ይዘሽ ሣሩ ምን ያደርግልሻል፣ እዚያ ድረስስ ምን ያወጣሻል ይሉኛል።

ውሃ ይጠማኛል እላቸዋለሁ።