አባባ በእንግሊዝኛ የነገራት

ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር ነፋስ ስልክ የነበረው የልጅነት ቤታችን ይመጣብኛል፤ አባባ መጽሐፉን ገልጦ ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ እንዲያ ያደርግ ነበርና።

አባባ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። እማዬን በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ «አንቺ»፣ ሰው ፊት ደግሞ «የልጆቼ እናት» ነበር የሚላት። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ከእራት በኋላ ሶኔት የሚባሉትን ባለ አሥራ አራት ስንኝ የድሮ የእንግሊዞች የፍቅር ግጥሞች አውጥቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን ከፍ፣ ጋብ ሲል ዝቅ እያደረገ ያነብላት ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ያያታል። እማዬ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ስለነበረች እንደ እኔው አንድም ቃል አይገባትም፤ ምስሯን እየለቀመች «ምን ይላል?» ስትለው፣ «ስለ አየር ጠባይ ነው። እንግሊዞች ሌላ ወሬ የላቸውም» ይላታል። እሷም ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ምነው እኔን እኔን ያያል?» ትለኝና አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

መስከረም ሲጠባ እማዬ የማታ ትምህርት ተመዘገበች። አባባ የሚላትን በራሷ ጆሮ መስማት ፈልጋ ነበር፤ ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። በጋውን ሙሉ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና እየሄደች፣ ልጆቿ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር አንድ ዴስክ ላይ እየተቀመጠች፣ ልብስ ስታጥብም የእንግሊዝኛ ቃላት እያነበነበች ከረመች። አባባ «ጎበዝ» ይላት ነበር፤ ለምን እንደምትማር ግን አልጠረጠረም።

ክረምቱ ተመልሶ መጣ። አንድ ምሽት አባባ ማንበብ እንደጀመረ እማዬ ምስሩን ትታ፣ አንገቷን ደፍታ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «‹ዓይኖችሽ› አልክ አይደል?» አለችው።

አባባ ልብሱን ሲቀይር በር እንደተከፈተበት ሰው ደነገጠ። ጆሮው ሳይቀር ቀልቶ፣ «መብራቱ ደከመ» አለና መጽሐፉን ዘግቶ ተነሣ። በማግሥቱ ራሱን አመመው፤ በሳልስቱ መነጽሩ ጠፋበት። እማዬ ነገሩ ሲገባት ትምህርቱን ተወችው፤ «እኔ እንደሆንኩ ሁሉንም ረስቼዋለሁ፣ ምንም አይገባኝም፣ አንብብልኝ» እያለች ለመነችው። አላነበበላትም። አብረው ብዙ ክረምት አሳለፉ፣ ዝናቡ ሲጀምር እማዬ ሥራዋን ይዛ እሱ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ እሱ ግን ጋዜጣውን እያየ ያመሽና ይተኛል። እንዲያነብላት እየጠበቀች ሳለ ሞተ። እኔም ለረጅም ጊዜ ተቀይሜው ኖሬያለሁ።

አሁን እማዬ ለቡ እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ያንን መጽሐፍ ከሻንጣዋ አውጥታ፣ ጣቷን ከስንኞቹ ሥር እያስኬደች፣ አንዱን ሶኔት ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ገባሽ?» አልኳት።

«ገባኝ» አለችና መጽሐፉን ጭኗ ላይ አኖረችው። «ይኼንንማ ያኔም አውቀው ነበር» አለች።

ባለቤቴ እንደሚወደኝ በየቀኑ በስልክ፣ ጥርት ባለ አማርኛ ይነግረኛል፤ ደስም ይለኛል። ያን ቀን ግን ከእማዬ አጠገብ ተቀምጬ ዝናቡን እየሰማሁ፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚያነብልኝ ሰው አማረኝ።