ስጪኝ ያለችው ካሴት

እሺ፣ ከካሴቱ የቀዳሁትን ፍላሽ ሰማችሁት። «ምንም የለበትም» አላችሁ። «ካሴት ሰው አይጠራም፣ ጫት ቀንስ» ያላችሁኝም አላችሁ፤ ስማችሁን ይዣለሁ። ፍላሹን የለጠፍኩት እኔው አይደለሁ እንዴ? ምን እንዳለበት ከእናንተ በፊት ነው የሰማሁት። ፍላሽ ምን ያውቃል! እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልታወቀም። ግን ደሴ ውስጥ ከእኔ በላይ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን ካለ ይምጣ። የሚሠራ ቴፕም እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አፋችሁን ዘግታችሁ ከመነሻው ስሙኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ደሴ

ቴፑን እንደ ሙሽራ በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባሱ ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ ሰይድ ጓደኛዬ ነው። የሙሽራዋንም ሂሳብ ትከፍላለህ አለኝ፤ ታዝላለች አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ውስጥ ዘምዘም የምትባል ሴት አለች። እናቷ እንኮይ ዘፋኝ ነበረች፤ ዘምዘም ጡት ሳትጥል እናትየዋ ሞተች። ፎቶ እንኳ አልተረፈም። በቅርቡ ሐይቅ ከተማ ያሉ ጋሽ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ የድሮ ሱቃቸውን ሲጠርጉ አንድ የእንኮይ ካሴት አገኙና መልእክት ላኩባት፤ የእናትሽ ድምፅ አለ፣ ማጫወቻ ግን የለም ብለው። ሲጠየቅ ሲጠየቅ እኔ ተገኘሁ። ሌላ ማን ሊገኝ?

2 ሰዓት ተኩል፣ ሐይቅ

ጭጋግ ውሃውን ውጦታል። ታንኳው አይታይም፣ መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ሰይድ ሳልነግረው ሬዲዮውን አጠፋ።

የጋሽ ይመር በር ላይ ቀለሙ የረገፈ «ዳክዬ ሙዚቃ ቤት» የሚል ጽሑፍ አለ። ዳክዬዋ ራሷ ረግፋ እግሯ ብቻ ቀርቷል። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቆቹ ሙዚቃ ቤቶች የገጠር ድምፅ አይሸጥም ብለው ሲመልሷቸው ሁለት በሬ ሸጠው ሁለት ቴፕ ገዙ። የአንዱን ክፍል ግድግዳ በፍራሽ ሸፍነው ቀረጹ። ከዚያ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው አንድ በአንድ እየገለበጡ፣ ልጣፉ ላይ ዳክዬዋን በማኅተም እየመቱ፣ በአውቶብስ ጣራ ባቲና መርሳ ገበያ ያወርዱ ነበር። በኋላ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ እንደ እኔ ያለው መጣ። የገደልከን አንተ ነህ አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

አንድ ብልሃት ነበራቸው። አዝማሪ ፊት ተቀምጣችሁ ታውቁ የለ? ሰው ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ካሴት ውስጥ ማን ይስጥ? ጋሽ ይመር ዘፋኙን «ስጡኝ» ያስብሉና ማሲንቆው ብቻ እየተመታ ቦታ ይተዋሉ። ገዢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ግጥሙን እዚያ ላይ ይሰጣል። ከባቲ እስከ አምባሰል ሰው ከካሴት ጋር ይጫወት ነበር።

እኔ ደግሞ ሳልሞክር አልሄድም አልኩ። እዚያው የፍራሹ ክፍል ውስጥ ካሴቱን ከትቼ ተጫንኩት። የሴት ድምፅ፣ ቀጭን፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል። ትንሽ ዘፈነችና «ስጡኝ» አለች። ስለ አሳ ጥብስ አንድ ግጥም ሰጠኋት። ማሲንቆው ቀጠለ፣ እሷም የራሷን ቀጠለች። ሳቅኩ። ፍራሹ ሳቄን ከአፌ ሳይርቅ ዋጠው።

ጋሽ ይመር በእጃቸው አጠፉት።

«አንተን አይደለም የጠየቀችው» አሉ። «የካሴቱ ክር ነጥቷል። ሁለት ጊዜ መጫወት ቢችል ነው። አንዱን በላኸው።»

አልሳቅኩም። የዚያች ሴት እናት በእኔ ቀልድ አንድ ጊዜ ብቻ ቀረቻት ማለት ነው። ካሴቱን ይዤ ስወጣ ደግሞ፣ ፍላሽ ላይ ስትጭነው እንደ ልማድህ ባዶውን ቦታ እንዳትቆርጠው አሉኝ።

5 ሰዓት፣ ከውጫሌ በላይ

ሰይድ መኪናውን አቁሞ አብሮኝ ወጣ፤ ስዋረድ ማየት ፈልጎ ነው። ዳገቱ በእግር ነው። ጭጋጉ ከሐይቅ ድረስ የተከተለን ይመስል ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሰይድ ቆመ።

«ቴፑን አጥፋው።»

ቴፑ አልተከፈተም። ስድስቱም የባትሪ ድንጋይ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አሳየሁት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ቀልድ አልነበረም፣ ከእኔም ጭምር።

7 ሰዓት፣ የዘምዘም ቤት

ዘምዘም ያሳደጓትን እማማ ሐዋን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠብቀናለች። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጫወተው አልኳት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ እዚህ ነው የምናገረው። «አብሽር፣ አንዴም ሰምቻት አላውቅ» አለችኝ።

ድንጋዩን ከተትኩ፣ በዚያው እንዲቀዳ ገመዱን ከፍላሹ ጋር አያያዝኩ፣ ተጫንኩ። ያው ድምፅ መጣ። እማማ ሐዋ «እሷ ናት» ብለው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ዘምዘም አልተንቀሳቀሰችም። ያው ዜማ፣ ያው ግጥም፣ ያው ቦታ ደረሰ።

«ስጪኝ» አለች።

ስጡኝ አይደለም። ስጪኝ። ሰይድ ክንዴን ጨመደደኝ። ማሲንቆው ይመታል።

«ተጠራሽ እኮ» አሉ እማማ ሐዋ፣ «ስጫት እንጂ።»

ዘምዘም ቴፑን እያየች፣ ቀስ ብላ፦

«ስጪኝ ትያለሽ ወይ ነፍስ ሳላውቅ ሄደሽ፣
እኔው ስጪኝ ልበል ድምፅሽን ቆንጥረሽ።»

እንኮይ ተቀበለቻት። ቃል በቃል፣ በአምባሰል ዜማ፣ «ቆንጥረሽ» ላይ ድምፁን ጎተት አድርጋ። ሲያልቅ ክሩ ቴፑ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተበጠሰ። ሰይድ ነው ያወጣው።

ዘምዘም አላለቀሰችም። «ሰጠኋት» አለች፣ ለእማማ ሐዋ።

10 ሰዓት፣ ሐይቅ፣ ስንመለስ

ፍላሹን መኪና ውስጥ ከፈትነው። «ስጡኝ» ይላል። ከዚያ ማሲንቆ፣ ከዚያ የራሷ ግጥም። እናንተ የሰማችሁትን ሰማን።

ለጋሽ ይመር ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ስጡኝ ነው ስጪኝ ነው ያለችው? ነገርኳቸው።

«ስንቀርጽ ልጇን ከክፍሉ ያስወጣሁባት እኔ ነኝ፣ ታለቅስ ስለነበር» አሉ። «እንኮይ ወደ በሩ ዞራ ስጪኝ አለች። ካሴቱ ለሰው ሁሉ ነው፣ ስጡኝ በይ ብዬ አጥፍቼ በላዩ ቀዳሁበት።»

ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ከየት አምጥቼ ልዋሽ? እንግዲህ ውጫሌ ውረዱና ዳገቱን ውጡ፤ ዘምዘምን ጠይቋት። ዳገቱን ከፈራችሁ ሰይድ አለ፣ ደሴ መናኸሪያ ሁልጊዜ ይሰለፋል። ሬዲዮ ከፍቶ ይዘፍን የነበረው ሰውዬ የመኪናውን ሬዲዮ ለምን ነቅሎ እንደጣለው ጠይቁት።