ከቱጌላ ማዶ የመጣው የሱረት ቅል

ዚቡይሌ ድላምሌንዜ ባሏን ቀብራ ወደ አባቷ ግቢ ስትመለስ ከሁሉ አስቀድማ ያወጣችው የአባቷን ፒንሳ ነበር። ሽማግሌው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የሱረት ቅልን በሽቦ ማልበስ ያስተማሩት እሷን ነው። በእኛ ሸንተረር ግን ይህ የወንድ ሙያ ነው። የሸንተረሩ አዛውንት ማንድላካይሴ፣ ሴት ያበጀችውን ቅል የቀደሙት አያቶች አይሹትም ብለው ስለደመደሙ ሥራ የሚሰጣት ጠፋ። ሱረት እየፈጨች ገበያ አውጥታ ትኖር ነበር። ወንዶቹ ሲያልፉ፣ «ዛሬስ ለዶሮዎችሽ ቅል አበጀሽላቸው?» ይሏታል።

«ዶሮዎቼ ከናንተ ይሻላሉ፤ ሲያስነጥሱ ሰው ፊት ላይ አይደለም» ትላቸዋለች።

ከቱጌላ ወንዝ ማዶ ያሉት የማግዋዛ ጎሳ ሰዎች ጠላቶቻችን ነበሩ። በግጦሽ የተነሣው ጠብ ከሁለቱም ወገን ሰው ከበላ ወዲህ፣ ገበያ ላይ ብንገናኝ እንኳ ሱረት አንለማመንም። እኛ ዘንድ ሱረት የለመነ ታረቀ ማለት ነው፤ የነፈገም ጦር ሰበቀ።

አንድ ጠዋት አዛውንቱ ሲሾሶንኬ ማግዋዛ ዱላ እንኳ ሳይዙ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ከኮታቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ የአያታቸውን ቅል አወጡ። ወገቡ ተሰንጥቋል፤ ሽቦው ተፈታቷል። «ከአባትሽ ወዲህ ይህን ሥራ የሚያውቅ እጅ ያንቺ ብቻ ነው የቀረው ብለውኛል» አሏት። ማንድላካይሴ ወሬው ሲደርሳቸው፣ የጠላት ዕቃ በግቢያችን አይደር ብለው ላኩባት። እሷ ግን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ሽቦውን መፍታት ጀመረች።

ከላይ ያለው፣ ወንዶች ጆሃንስበርግ ማዕድን ጉድጓድ ወርደው ሲመለሱ ያመጡት ቀይ መዳብ ነው። በላዩ የማግዋዛዎች የጋሻ ምልክት ተደርድሯል። ከሥሩ ግን ከአምባር የተሳበ የጥንት ነሐስ ብቅ አለ። የነሐሱ ጥለት እንደ እባብ የሚጥመለመለው የእኛ ሸንተረር ጥለት ነበር። የእኛ ጥለት ማዶ የሚሻገረው ደግሞ ሙሽራ ይዛው ስትሄድ ብቻ ነው።

ማግዋዛ ቅሉን ሊወስዱ ሲመጡ ስለ ጥለቱ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሴት አያታቸው የእኛው ሸንተረር ልጅ መሆኗን፣ ቅሉንም ወንድሟ፣ የዚቡይሌ ቅድመ አያት፣ ሠርቶ እንደሰጣት፣ ከጠቡ በኋላ ግን ስሟን መጥራት በሁለቱም በኩል ነውር ሆኖ መቅረቱን ነገሯት።

«እንግዲያውስ እዚህ አልሰጥዎትም፣ አባባ» አለች። «ነገ በረታችን መጥተው ሰው ፊት ይቀበሉኛል።»

ሌሊቱን አልተኛችም። ስንጥቁን በቀጭን ሽቦ ሰፋችው። ከታች ነሐሱን እንዳለ ተወችው፤ ከላይ መዳቡን መለሰችው። በሁለቱ መካከል ግን ከስልክ ገመድ ባወጣችው ባለቀለም ሽቦ የማንም ያልሆነ፣ የራሷን ጥለት ሸመነች።

በማግስቱ ወንዶቻችን በከብት በረቱ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ማግዋዛም ከማዶ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። ሴት የበረቱን ደፍ አታልፍም፤ ዚቡይሌ አለፈች። ማንድላካይሴ ቁጣቸውን ሳይጀምሩ ቅሉን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«መጀመሪያ ይዩት። ከዚያ ያባርሩኛል።»

በአውራ ጣታቸው ነሐሱን ዳሰሱት። ድምፃቸው ወረደ። «ይህ የእኛ ነው። የማን እጅ ነው?»

«የቅድመ አያቴ። እህቱን ለማግዋዛዎች ሲድር የሠራላት ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ስንዋጋ የኖርነው ከማን ጋር ነው?»

«ከእህታችን ልጆች ጋር» አለች።

ማንድላካይሴ ቅሉን ለባለቤቱ መለሱ። ቀጥሎ እኛ ይሆናል ብለን ያላሰብነውን አደረጉ፤ ቁጢጥ ብለው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ማግዋዛ፣ ከእህታችን ቅል አንዲት ቁንጥር ስጠኝ።»

ማግዋዛ ከኪሳቸው ሱረት ወደ ቅሉ ጨምረው በተዘረጋው መዳፍ ላይ አፈሰሱላቸው። ማንድላካይሴ ሳቡና እንባቸው እስኪወርድ አስነጠሱ። «ይማርዎ» ያልነው ሁላችንም አንድ ላይ ነው፣ የወዲህ ማዶውም የወዲያ ማዶውም። ከበረቱ ውጪ ያሉት ሴቶች እልልታቸውን ለቀቁት። ዚቡይሌ ራሷን ቀና አድርጋ በበረቱ መካከል ቆማ ነበር፤ «ውጪ!» ያላት ሰው አልነበረም።

በዚያ ክረምት ደጃፏ በሰው ተሞላ። ከማዶ የመጡ ልጃገረዶች ከእኛዎቹ ጋር ተደባልቀው ሽቦ ይጠመዝዛሉ። ማንድላካይሴ ራሳቸው ምንም ያልለበሰ ቅላቸውን ይዘው መጡና፣ «ራቁቱን ነው፣ አልብሺልኝ» አሉ።

ዚቡይሌ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ወረፋ አለ፣ አባባ» አለቻቸው።

ሄደው ወረፋ ይዘው ከሚጠብቁት ከማግዋዛ ጎን ተቀመጡ።